ሕግ ሲጣስ ማን ይታረማል?

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት ሕግ ይገዛዋል። የመሬት ስበት ወደ ታች ይስበዋል። ቀኙን ይዞ መሄድ አለበት። መንገድ ዳር የተተከለው ምልክት ከዚህ ፍጥነት አትለፍ ይለዋል። ነባር ሹፌሮች ደግሞ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉታል። አራቱንም ሕግ ወይም ደንብ ብንላቸው የሚከራከረን አይኖርም። ጣጣው የሚመጣው አንዱን እንደ ሌላው ቆጥረን ስንይዘው ነው።

መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሕጉና የሆነው ነገር ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚታረመው ማን ነው? ሹፌሩ ከተፈቀደው ፍጥነት ቢያልፍ የሚታረመው ሹፌሩ ነው፤ ምልክቱ ከቦታው አይነቀልም። የተለቀቀ ድንጋይ ሳይወድቅ ቢቀር ግን ድንጋዩን የሚቀጣ የለም። ወይ ያላየነው ነገር ይዞታል፣ ወይ ደግሞ ሕግ ብለን የጻፍነው ራሱ ይጠገናል።

ቀኝ መያዝ ከሁለቱም ይለያል። እስከ 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተዛወረ። ቀኙ ከግራው የበለጠ እውነት ስለሆነ አይደለም። የሚፈለገው ሁሉም አንድ ወገን እንዲይዝ ብቻ ነው፤ የትኛውም ወገን ቢሆን ይሠራል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ግን አይሠሩም። ይህ ስምምነት ነው። ቅጣቱ የተጨመረው ስምምነቱ እንዳይላላ ነው እንጂ፣ ቅጣት ባይኖርም በተቃራኒ መስመር የሚነዳ ብዙ ርቀት አይሄድም።

የነባር ሹፌሮቹ ምክር አራተኛው ዓይነት ነው፣ የልምድ ደንብ። ከጀርባው ግን ፊዚክስ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ 176 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ከ20 ዲግሪ የጀመረ 580 ሊትር ውኃ ደሴ ላይ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ጎማውና አየሩ ከዚህ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ቀሪውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ መኪናውን ወደኋላ ይጎትተዋል። በዜሮ ማርሽ ሲወረድ ግን ሙሉው ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ሲግል የሸራው (ታምቡሩን እየፈተገ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል) የመያዝ አቅም ይቀንሳል፤ ታምቡሩም (ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት) በሙቀት ስለሚሰፋ ሸራው እስኪደርስበት ረዘም ያለ ርቀት መሄድ ይኖርበታል። ሹፌሩ ፔዳሉን እየረገጠ መኪናው የማይቆመው ለዚህ ነው።

የልምድ ደንብ ደካማ ጎንም እዚሁ ይታያል፤ ምክንያቱን ሳይናገር መልሱን ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም። አዳዲስ የጭነት መኪኖች ሞተራቸው ጉልበተኛ፣ ቅርጻቸውም አየር የማይገታው ስለሆነ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል። በዚያው ማርሽ ሲወርዱ ታዲያ ሞተሩ በቂ አይይዝም፤ ቢያንስ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ማርሹም መያዝ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ዝቅ ያለ ማርሽ ላይገባ ይችላል፣ ዜሮ ላይም ሊቀር ይችላል።

የፍጥነት ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር ሰዎች ተመካክረው የጻፉት ነው፤ 30 የተባለው 35 ሊባል ይችል ነበር። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው የመቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ መሆኑ ግን ለምክክር አይቀርብም። በደረቅና ሜዳማ አስፋልት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 6 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ በ60 ከሆነ 24 ሜትር ይፈልጋል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የሚጠፋው አንድ ሰከንድ በ30 ፍጥነት 8 ሜትር፣ በ60 ደግሞ 17 ሜትር ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ ሁሉም ይረዝማል። የሰው ሕግ ብዙውን ጊዜ እንዲህ በተፈጥሮ ሕግ ላይ ይሠራል። ትራፊክ ፖሊስ ሊምርህ ይችላል፤ የተፈጥሮ ሕግ ግን ምሕረት አያውቅም።

የተፈጥሮ ሕግ አይጣስም ማለት ግን በየትኛውም ቦታ አንድ ቁጥር ይሰጣል ማለት አይደለም። «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» የሚለውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ደሴ ላይ ቴርሞሜትር ይዞ ድስት ላይ የቆመ ተማሪ ግን 92 ገደማ ያነባል፣ ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛው 94 ገደማ። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፤ ሕጉም አልተሻረም። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው፤ 100 ዲግሪ የባሕር ወለል ግፊት የሚሰጠው መልስ ነው። ባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት ደሴ ላይ 75፣ ኮምቦልቻ ላይ 81 ገደማ ይሆናል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ለዕለት ሥራ ይበቃል።

ውጤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ይታወቃል። የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ደሴ ላይ የሚዘገየው እሳቱ ደካማ ሆኖ አይደለም። እሳት ቢጨመር ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ92 አይዘልም። መፍትሔው ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ክዳኑን አጥብቆ መግጠም፣ ወይም በፕሬዠር ኩከር መቀቀል ነው። ከዚህ የከበደው ጉዳይ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። መሣሪያ በእንፋሎት የሚያመክነው ኦቶክሌቭ በብዙ መመሪያዎች «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ተብሎ ይጻፋል (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)። ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙት ባሕር ወለል ላይ ብቻ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ ደሴ ላይ 15 ሲያሳይ ውስጡ 116 ወይም 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ 19 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 18 ገደማ ማሳየት አለበት። ስለዚህ መታየት ያለበት ሙቀቱ ነው፤ ግፊቱን መጨመርም ማሽኑ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ልክ አይቶ ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው መመሪያውን አለማክበር ሳይሆን፣ በአንድ ሁኔታ የተጻፈን ቁጥር ራሱን ሕግ አድርጎ መያዝ ነው።

ሌሎችም የትምህርት ቤት ሕጎች እንዲህ ወሰን አላቸው። የኦም ሕግ (ኤሌክትሪክ በቮልቴጁ ልክ ይፈሳል የሚለው) ሙቀቱ ባልተለወጠ ብረት ላይ ይሠራል፤ የአምፖል ክር ግን ሲግል የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ቀዝቃዛ ከነበረበት አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። የሁክ ሕግ (ሞላ በተሳበበት ኃይል ልክ ይለጠጣል የሚለው) ሞላው ተለጥጦ መመለስ እስከሚችልበት ድረስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሞላው ተበላሸ እንላለን እንጂ ሕግ ጣሰ አንልም።

ታዲያ ሕጉ ራሱ የሚታረመው መቼ ነው? ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሌለው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሰማይ ላይ የሆነው ነው። ዩራነስ የተባለችው ፕላኔት በኒውተን የስበት ሕግ ከተሰላላት መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ስትል ታየች። ፈረንሳዊው ሌቨርዬ «ሕጉ ልክ ነው፤ የማናያት ሌላ ፕላኔት ትስባታለች» ብሎ ያለችበትን ቦታ አሰላ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1846 በርሊን ላይ መነጽሩን ወደዚያ አቅጣጫ ሲያዞሩ ኔፕቱን ተገኘች። ያው ሌቨርዬ እ.ኤ.አ. በ1859 የሜርኩሪም መንገድ ከስሌቱ እንደማይገጥም አሳየ። ዘዴው አንድ ጊዜ ሠርቶለታልና አሁንም ወደ ፀሐይ የቀረበች ሌላ ፕላኔት አለች አለ፤ ቩልካን የሚል ስምም ወጣላት። ለአሥርት ዓመታት ተፈልጋ አልተገኘችም። ከስሌቱ ያልገጠመው የሜርኩሪ ትርፍ በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ አለው። ይህችን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1915 የፈታው አንስታይን ነው፣ ራሱን የስበት ሕግ በመለወጥ። ችግሩ አንድ ዓይነት፣ ሰውየውም አንድ፣ የታረመው ግን በመጀመሪያው ያላየነው ነገር፣ በሁለተኛው ሕጉ ሆነ። አስቀድሞ የትኛው እንደሚሆን የሚነግር ሌላ ሕግ የለም፤ ሁለቱንም መሞከር ብቻ ነው።

የመንግሥት ሕግ ደረጃ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ሲቸግረው ግን አይጠቀምበትም። ከሁሉ በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 9 መሠረት ከእሱ የሚቃረን ሕግ ሁሉ ተፈጻሚ አይሆንም። ከሥሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ፣ ቀጥሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቶች መመሪያ ይመጣል። በአማራ ክልልም እንዲሁ ነው፤ አዋጁን የክልሉ ምክር ቤት ያወጣል፣ ደንቡን መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ የሚታተሙትም በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። የታችኛው ከላይኛው ሥልጣን ይቀበላል እንጂ ከላይኛው በላይ አይሄድም። እዚህ ላይ ሕግ ራሱ ይታረማል፤ የሚያርመው ግን እውነታው ሳይሆን ከእሱ በላይ ያለው ሕግ ነው።

ስለዚህ ቢሮ ውስጥ «መመሪያው አይፈቅድም» የተባለ ባለጉዳይ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ የመመሪያው ቁጥርና ዓመት፣ ያወጣው አካል፣ ሥልጣኑን የሰጠው የአዋጅ አንቀጽ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች ተመዝግበው ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ «መመሪያ» የሚባለው የአለቃ የስብሰባ ላይ ንግግር ወይም የቆየ የቢሮ ልማድ ሆኖ ይገኛል። ልማድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ መመሪያ ግን አይደለም።

ከቅጣት ሕግ ጋር በስህተት የሚደባለቅ ሌላ ዓይነት አለ፤ ካልተከተሉት የማያስቀጣ፣ ግን የተደረገውን እንዳልተደረገ የሚያስቆጥር። ደሴ ባለው የሆጤ ሜዳ ላይ ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ኳስ መረብ ውስጥ ያስገባ አጥቂ አይታሰርም፣ ቢጫም አያይም፤ ጎሉ ግን የለም። የኑዛዜ ሕግም እንዲሁ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አባት ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ አልቅሶ ተናግሮ፣ አስፈርሞ ቢሞት ማንም ጥፋት አልሠራም። ኑዛዜው ግን ፈራሽ ነው። ሰዎች «ምን አጠፋን?» ብለው የሚቆጡት እንዲህ ያለውን ደንብ እንደ ቅጣት ስለሚያዩት ነው። ይህ ደንብ የሚናገረው ኑዛዜ ምን እንደሆነ ነው፤ አራቱ ምስክሮች ካልተሟሉ የተቀመጠው ወረቀት እንጂ ኑዛዜ አይደለም።

የስሌት ደንብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ፤ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል እንፈልግ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ የሚቀረው ወንበር ይባላል፣ 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) አበቅቴ 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ስህተት አለ። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ 14 ራሱ በስሌቱ አይወጣም። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 7። 18ና 7 ሲደመሩ 25፤ መጥቅዕ መስከረም ላይ ስለዋለ ነነዌ፣ ማለትም ሁልጊዜ ሰኞ የምትጀምረው ጾም፣ ጥር 25 ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ሰው የሚሳሳተው በሦስት ቦታ ነው። አንዱን መቀነስ ይረሳል። ወይም ተውሳኩን መጥቅዕ ከዋለበት ቀን ሳይሆን ዓመቱ ከገባበት ዕለት ይወስዳል፤ 2018 የገባው ሐሙስ ስለነበር 7 በማለት ፈንታ 3 ይላል፣ ነነዌም ከሰኞ ትወጣለች። ሌላው ደግሞ ወንበር ዜሮ ሲሆን ነው፤ አበቅቴ ዜሮ፣ መጥቅዕ 30 ይባላል። በስሌት ደንብ የሚታረመው ሰሌዳው ላይ ያለው ሥራ ነው፤ ነነዌ ሰኞ ካልዋለች ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

19 እና 11 ያለ ምክንያት አልገቡም። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይቀራረባል፤ የፀሐይ ዓመትም ከ12 የጨረቃ ወር በ11 ቀን ገደማ ይበልጣል። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 የምትሆነውም 365 ቀን ከሩብን ለመሙላት ነው። ትክክለኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይከማቻል። ሮም እ.ኤ.አ. በ1582 ልዩነቱን ተመልክታ ደንቡን አረመች፣ 10 ቀንም ዘለለች። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በነበረው ቆየች፤ ስሌቱን የያዘችው ሰማዩን ለመግለጽ ሳይሆን በዓሉን በአንድ ቀን ለማዋል ነውና። አንዱ ደንብ ሁለት ሥራ ሲኖረው የትኛውን እንደሚያስቀድሙ ባለቤቶቹ ይወስናሉ።

በዚያችው ደሴ፣ በዚያው ሰማይ ሥር የረመዳን መግቢያ በሌላ መንገድ ይታወቃል። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው። በሻዕባን 29ኛው ቀን ምሽት ጨረቃ ከታየች በማግስቱ ጾም ይገባል፤ ካልታየች፣ ወይም ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ፣ ወሩ 30 ይሞላል። የፋሲካው ደንብ ለመቶ ዓመት አስቀድሞ መልስ ይሰጣል፤ የረመዳኑ እስከ መጨረሻው ምሽት ያስጠብቃል። የኋለኛው ግን ብዙ ደንብ አውጪ የሚረሳው አንድ ነገር አለው፤ መንገዱ ቢዘጋ፣ ደመና ቢሆን፣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ተናግሯል።

በወሎ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር መተዳደሪያ ደንቡን ሲጽፍ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የወር መዋጮው፣ ከቀብር የቀረ የሚቀጣው፣ ድንኳንና ዕቃ የሚያውስበት ሁኔታ በደንብ ይጻፋል። ክርክር የሚነሳው ግን «ለአባሉ ቤተሰብ ቅሬው ይወጣል» በሚለው አጭር መስመር ላይ ነው። ቤተሰብ ማን ነው? ልጅ ሆና ያደገች የእህት ልጅ ትቆጠራለች? ለሥራ አረብ አገር ሄዶ እዚያው የሞተ ወንድ ልጅስ፣ አስከሬኑ ባይመጣም ለቅሶው እዚህ ሲቀመጡለት? ደንቡን ቃል በቃል የሚይዝ አንድ መልስ ይሰጣል፣ ለምን እንደተጻፈ የሚያስብ ሌላ፤ ሁለቱም ደንብ አክባሪ ናቸው። ሽማግሌዎች በየጊዜው በይሁንታ ቢያሳልፉትም ዘንድሮ ለአንዱ የተፈቀደው ከርሞ ለሌላው ሲከለከል ቅያሜ ይገባል። አድልዎ ባይኖርም አድልዎ ይመስላል።

ይህን ለመከላከል ደንቡን ማርዘም አይጠቅምም፤ ሁሉን ሁኔታ የሚዘረዝር ደንብ የለም። የሚጠቅመው ሦስት ነገር መጨመር ነው። መጀመሪያ ደንቡ ማንን ለመርዳት እንደተጻፈ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ፣ ለምሳሌ «በአባሉ ቤት የሚበላና የሚያድር፣ ወይም አባሉ የሚጦረው»። ቀጥሎ፣ በዚህ ያልተሸፈነ ጉዳይ ሲመጣ የሚወስነው የቅሬው ዳኛ (መሪው) ብቻውን ነው ወይስ ስንት አባል የተገኘበት ጉባኤ፣ ቁጥሩን ማስቀመጥ። በመጨረሻም የተወሰነው ውሳኔ ከነምክንያቱና ከነቀኑ በመዝገብ እንዲጻፍና ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ጉዳይ እንዲነበብ ማድረግ። መዝገቡ ከዳኛው ቤት ይልቅ በጸሐፊው እጅ፣ ግልባጩም በሌላ አባል ቤት ቢቀመጥ ይሻላል፤ ዳኛው ሲሞትና ቤቱ ለለቅሶ ሲጸዳ የቅሬ መዝገብ ሊጠፋ ይችላል።